ውሻ ከሞተ በኋላ ሌላ የሚመጣው መቼ ነው? በቅድሚያ «በምን ሞተ?» የሚለው ይመለስ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ግቢ ባለው ቤት ነው። አሥር ዓመት አብሮን የኖረው ውሻችን ቦቢ ለወራት ሲከሳና ውሃ አብዝቶ ሲጠጣ ቆይቶ ግንቦት ላይ ሞተብን። ልጆቹ አላስቀምጥ ስላሉን በሁለተኛው ሳምንት ከሰው አንድ ቡችላ ተቀብለን አመጣን። በመጣ በአምስተኛው ቀን ያስመልሰው ጀመር፤ ከዚያም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይዞት በሁለት ቀን ውስጥ ሞተ። አሁን ባለቤቴ ግቢው ያለ ውሻ ማደር የለበትም፣ ቶሎ ሌላ ይምጣ ይላል። የስድስት ዓመቱ ልጄ ቦቢ ገጠር ሄዷል ስላልነው እስካሁን ይጠብቀዋል፤ ቡችላውን ደግሞ ወተት አጠጥቼ የገደልኩት እኔ ነኝ ብሎ ያለቅሳል። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ሁለተኛ ውሻ አላይም ትላለች። እኔም ቦቢን የከዳሁት ይመስለኛል፤ ሰው እንዳይስቅብኝ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ስንት ወር መጠበቅ አለብን?»

የእንስሳት ሐኪሙ ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ላዘነው ቤተሰብዎ መጽናናትን እመኛለሁ። «ስንት ወር?» ለሚለው ጥያቄ ዘወትር የሚሰጠው መልስ «ልባችሁ ሲፈቅድ» የሚል ነው፤ ውሻው በእርጅና የሞተ ከሆነ እኔም ከዚህ የተለየ ብዙ የምለው የለኝም። በእርስዎ ቤት ግን ከልብ ፈቃድ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ነገር አለ፤ ይኸውም ሁለቱ እንስሳት እያንዳንዳቸው በምን ሞቱ የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ሁለተኛውን የገደለው ነገር እስካሁን በግቢዎ አፈር ውስጥ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በጥያቄዎ ውስጥ የተቀላቀሉትን ሁለት የመቆያ ጊዜዎች፣ ማለትም የግቢውንና የቤተሰቡን፣ ለያይቼ እመልሳለሁ። ባጭሩ፣ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ እስከ መጪው ዓመት ሰኔ ድረስ ወደዚያ ግቢ ባይገባ እመክራለሁ፤ ክትባቱን በሚገባ የጨረሰ ያደገ ውሻ ግን ወደ ታች የምገልጸው ጽዳት ከተካሄደና ልጆቹ እውነቱን ካወቁ በኋላ፣ መስቀል ካለፈ ሊመጣ ይችላል።

ከቦቢ ልጀምር። አሥር ዓመት የሞላው ውሻ ለወራት እየከሳና ውሃ እያበዛ ቆይቶ መሞቱ በአመዛኙ የሚያመለክተው ቀስ በቀስ ሥራውን ያቆመ ኩላሊትን ነው፤ የስኳር በሽታና አንዳንድ የሆርሞን ሕመሞችም ይህንኑ ምልክት ያሳያሉ። ደሙና ሽንቱ ሳይመረመር ከእነዚህ የትኛው እንደነበር መለየት ባይቻልም፣ አንዳቸውም ከውሻ ወደ ውሻ አይተላለፉም፤ ግቢ ውስጥም የሚተዉት ነገር የለም። ኩላሊትን ከሚያጠቁት መካከል በአይጥ ሽንት የሚተላለፈውና ሰውንም የሚይዘው ሌፕቶስፓይሮሲስ ተላላፊ ነው፤ እርሱ ግን ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ በትኩሳት፣ በማስመለስና በዓይን ቢጫነት የሚገለጥ እንጂ ለወራት የሚያከሳ አይደለም። ሆኖም በግቢዎ አይጥ ካለ፣ በተለይ ክረምት ላይ አፈሩ ውሃ ስለሚቋጥር፣ ለሚመጣው ውሻ የሚሰጠው ክትባት ይህንንም የሚጨምር እንዲሆን ይጠይቁ። ከዚህ በቀር በቦቢ ሞት ምክንያት ግቢው የሚጠብቀው አንድም ቀን የለም።

የቡችላው ሞት ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። ገና ክትባት ያልጨረሰ ቡችላ መጀመሪያ አስመልሶት፣ ቀጥሎ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይዞት በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ከሞተ፣ ማንኛውም የእንስሳት ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጥረው ፓርቮ የተባለውን የቫይረስ በሽታ ነው። የአንጀት ትላትል፣ መርዝ ወይም የተበላሸ ምግብም ደም ያለበት ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል፤ በሕይወት ሳለ ቢሆን ኖሮ ከሰገራው በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት በሚሰጥ መመርመሪያ መለየት ይቻል ነበር። አሁን ያ ዕድል ስላለፈ የሚጎዳው ያነሰውን ግምት መያዝ ይሻላል፤ ፓርቮ ባይሆንም ነው ብሎ መጠንቀቅ የሚያስወጣው ትዕግሥትና በረኪና ብቻ ሲሆን፣ ፓርቮ ሆኖ ሳለ አይደለም ብሎ መዘናጋት ግን ለልጆችዎ ሦስተኛ ሞት ማምጣት ሊሆን ይችላል።

በሽታው ከየት መጣ ለሚለው፣ ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን፣ አልፎ አልፎም እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ቡችላው የታመመው በመጣ በአምስተኛው ቀን ስለሆነ ከነበረበት ቤት ይዞት መጥቶም፣ መንገድ ላይ ወይም እናንተ ዘንድ አግኝቶትም ሊሆን ይችላል። ለሰጠዎት ሰው ደውለው እናቱና ወንድሞቹ እንዴት እንደሆኑ ይጠይቁ፤ እነርሱም በዚያው ሰሞን ታመው ከሆነ ምንጩ ታወቀ ማለት ነው፤ እግረ መንገድዎንም ሰውየው ከእነዚያ ቡችሎች ለሌላ ቤተሰብ እንዳይሰጥ ያስጠነቅቁታል። ለግቢዎ ግን ውጤቱ ያው ነው። በፓርቮ የተያዘ ቡችላ ምልክት ከማሳየቱ በፊት ጀምሮ ቫይረሱን በሰገራው በብዛት ያወጣል፤ ስለዚህ ሣሩ፣ የውሻ ቤቱ፣ በረንዳው፣ የእናንተም ጫማ ጭምር ተነካክቷል ብሎ መገመት ይገባል።

ወደ ጽዳቱ ከመሄዴ በፊት ስለ ሰዎቹ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ይህ ስለ አዲስ ውሻ ከሚነሣው ጥያቄ ሁሉ ይቀድማል። ቡችላ ሲጫወት መንከስ ልማዱ ነውና በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ ጥርሱ የልጆቹን ወይም የእርስዎን ቆዳ ሰንጥቆ ነበርን? ክትባቱ ያልታወቀ ውሻ ሰው ነክሶ በአሥር ቀን ውስጥ ከሞተና አንጎሉ ካልተመረመረ፣ የእብድ ውሻ በሽታ አልነበረም ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። የእርስዎ ቡችላ ያሳየው ምልክት የዚህ በሽታ የተለመደ ምልክት አይደለም፤ ይሁን እንጂ የእብድ ውሻ በሽታ በሰው ላይ አንዴ ምልክቱ ከታየ ገዳይ በመሆኑ በግምት የሚተው ነገር አይደለም። ንክሻ ወይም በተቧጨረ ቆዳ ላይ ምራቅ ነክቶ ከነበረ፣ ሳምንታት ቢያልፉም እንኳ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ሁኔታውን ያስረዱ፤ ክትባት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለውን የሚወስነው የሰው ሐኪም ነው። ለወደፊቱ ደግሞ ማንኛውም የውሻ ንክሻ ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ መታጠብ እንዳለበት፣ የተጠረጠረ ውሻ ሲሞትም ብዙ ሰው እስካሁን «ፓስተር» እያለ በሚጠራው በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እንደሚመረመር ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። የእብድ ውሻ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ብዙ ስለማይቆይ ለግቢው የሚያመጣው ረጅም የመቆያ ጊዜ የለም፤ የሚያስጨንቀው በሕይወት ያሉት ሰዎችና ሌሎች እንስሳት ነገር ነው።

አሁን ወደ ፓርቮ ልመለስ። ይህ ቫይረስ በውሾች ላይ የታወቀው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ሲሆን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዓለምን አዳርሷል፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች «ድሮ ውሻ እንዲህ ዓይነት ሕመም አያውቅም ነበር» ሲሉ ከእውነት የራቁ አይደሉም። ከሌሎቹ የቡችላ በሽታዎች የሚለየው ደግሞ ከሰውነት ውጭ ያለው ጽናት ነው። ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው ገዳይ በሽታ ቫይረሱ በስብ ሽፋን የተጠቀለለ በመሆኑ ሳሙና፣ ሙቀትና ድርቀት ፈጥነው ያጠፉታል፤ ቡችላዎ የሞተው በእርሱ ቢሆን ኖሮ ቤቱን አጥበው ጥቂት ሳምንታት እንዲጠብቁ ብቻ እነግርዎት ነበር። ፓርቮ ግን ይህ ሽፋን ስለሌለው ተራ ሳሙናና አብዛኞቹ ሽታቸው ደስ የሚል የወለል ማጽጃዎች አይገድሉትም፤ ፀሐይ በማይነካው እርጥብ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለአንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ከዓይን የሚሰወር ጥቂት ሰገራ ለአንድ ቡችላ በቂ ነው።

በቤት ውስጥ ከሚገኙት ነገሮች የሚገድለው በረኪና ነው፤ አጠቃቀሙ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። በረኪና ቆሻሻ፣ ጭቃና ሰገራ ባለበት ቦታ ኃይሉን ያጣል፤ ስለዚህ ቦታው በመጀመሪያ በሳሙናና በውሃ በደንብ ተፈግፍጎ መታጠብ አለበት። ከዚያ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውሃ፣ ማለትም አሥር ሊትር ለሚይዝ ባልዲ አንድ ሦስተኛ ሊትር ያህል በረኪና ተበጥብጦ ይፈስሳል፤ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆያል፤ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ቆይቶ የተከፈተ በረኪና እየደከመ ስለሚሄድ አዲስ የተከፈተውን ይጠቀሙ፤ በዕለቱ ያልተጠቀሙበትን ብጥብጥም ለነገ አያሳድሩት። ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይጎዳል። ሲሚንቶ፣ ሴራሚክ፣ ብረትና ፕላስቲክ በዚህ መንገድ ይጸዳሉ። እንጨት፣ ጆንያ፣ ብርድ ልብስና ምንጣፍ ግን ውስጣቸው ድረስ ስለማይጸዱ ቢቃጠሉ ይሻላል። የቦቢ የውሻ ቤት ከእንጨት የተሠራ እንደሆነ ማቃጠሉ እንደሚያሳዝናችሁ እገምታለሁ፤ ሆኖም ቡችላው ገብቶበት ከነበረ መቅረት አለበት። የእንጨት የውሻ ቤት በስንጥቁ ውስጥ መዥገር ያኖራል፤ የውሻ መዥገር ደግሞ ሳይመገብ ለወራት ስለሚቆይ ተርቦ አዲሱን እንግዳ ይጠብቃል። ከቦቢ መታሰቢያ የሚቀመጥ ነገር ካስፈለገ የብረት ሰንሰለቱ በበረኪና ታጥቦ ሊቀመጥ ይችላል።

አፈር ግን በረኪና አይሠራበትም፤ ሣሩን ከማቃጠልና ገንዘብ ከማባከን በቀር የሚያተርፉት ነገር የለም። አፈሩን የሚያጸዳው ፀሐይ፣ ድርቀትና ጊዜ ነው። አሁን ሐምሌ ነው፤ እስከ መስከረም ድረስ መሬቱ እርጥብ፣ ሰማዩም ደመና ስለሆነ የክረምቱ ወራት ለአፈሩ ጽዳት የሚቆጠሩ አይደሉም ማለት ይቻላል። እውነተኛው ቆጠራ የሚጀምረው ጥቅምት ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የተንዠረገጉትን ቁጥቋጦዎች አስመልምለው፣ ቡችላው ይጸዳዳበት የነበረውን ጥላ ሥር ያለ ቦታ ለፀሐይ ይግለጡት፤ የላይኛውን አፈርና ሣር በአካፋ አንሥቶ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበርም ይረዳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ደረቅ ፀሐይ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ይሁንና ጥላውና ማዕዘኑ ሁሉ ነጽቷል ብሎ የሚያረጋግጥልዎ ምርመራ ስለሌለ፣ ክትባቱ ገና ለሆነ ቡችላ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲጠብቁ የምመክረው ለዚህ ነው።

ታዲያ «ቡችላው ቢከተብስ?» ይሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ በከተማችን በጣም የተለመደ አንድ አለመግባባት አለ። ውሻ የሚሰጥ ወይም የሚሸጥ ሰው «ተከትቧል» ሲል ብዙውን ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማለቱ ነው፤ ይህ ክትባት እጅግ አስፈላጊ ቢሆንም ከፓርቮ አንዳች አያስጥልም። ፓርቮንና ዲስቴምፐርን የሚከላከለው ጥምር ክትባት ሌላ ነው፤ እርሱም ቢሆን አንድ ጊዜ ተወግቶ የሚያበቃ አይደለም። ቡችላ ከእናቱ እንገር የሚያገኘው የመከላከል ኃይል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢጠብቀውም፣ ያው ኃይል የክትባቱን ሥራ ያመክነዋል፤ ይህ የእናት ጥበቃ ከቡችላ ቡችላ በተለያየ ጊዜ ስለሚያልቅ ቡችላው ከበሽታው የማይጠበቅበት፣ ክትባቱም ገና የማይሠራበት የሳምንታት ክፍተት ይኖራል። የዓለም የአነስተኛ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ክትባቱ ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ተጀምሮ በየሁለት እስከ አራት ሳምንት እየተደገመ፣ የመጨረሻው 16 ሳምንት ሲሞላው ወይም ከዚያ በኋላ እንዲሰጥ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቡችላ ካልሆነ የማይሆን ከሆነ፣ በሌላ ንጹሕ ቤት አድጎ የ16ኛ ሳምንቱን ክትባት ከተወጋ በኋላ ሁለት ሳምንት የሞላው ከጥር ወር ጀምሮ ሊመጣ ይችላል፤ ከዚያ ያነሰውን ግን ሰው በነጻ ቢሰጥዎትም እንኳ አይቀበሉ።

ከባለቤትዎ ሐሳብ ጋር የሚስማማው መፍትሔ ግን በእኔ አስተያየት ቡችላ አይደለም። ግቢው ያለ ጠባቂ ማደር የለበትም ማለታቸው ተገቢ ሥጋት ነው፤ ነገር ግን የሁለት ወር ቡችላ ሌባ አያባርርም፤ ግቢ የሚያስከብር ጩኸትና ቁመና የሚኖረው ዓመት ሲጠጋው ነው። ይልቁንም ለጥበቃ ተብሎ በችኮላ የመጣ ቡችላ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ይታሰራል፤ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ባለው ዕድሜ ሰውንና ዓለምን ካልተላመደ ደግሞ ሲያድግ ጎረቤትንና ልጆችን የሚነክስ ፈሪ ውሻ ይሆናል። በግቢዎ አሁን የሚያሰጋው የቡችላ ነገር ነው፤ ሁለትና ሦስት ዓመት የሞላው፣ ጥምር ክትባቱንም የእብድ ውሻውንም በካርድ የተመዘገበ ውሻ ፓርቮን ብዙም አይፈራውም። እንዲህ ያለ ውሻ ማግኘት የሚከብድ ይመስላል እንጂ አይከብድም። ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም የሚገቡና ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ቤተሰቦች፣ እንዲሁም የሥራ ዘመናቸውን ጨርሰው የሚመለሱ የውጭ ዜጎች ውሻቸውን በደኅና ሰው እጅ ለመተው ሲጨነቁ ሁልጊዜ አያለሁ። ካርዱን ራስዎ አንብበው የክትባቱን ቀን ያረጋግጡ፤ ልጆች ባሉበት ቤት ያደገ መሆኑንም ይጠይቁ። ሲመጣ ለሁለት ሳምንት ያህል የሚመግበው አንድ ሰው ይሁን፤ ትንሹም ልጅ ብቻውን አብሮት አይተው።

አሁን ወደ ቤተሰቡ የመቆያ ጊዜ ልምጣ፤ ለዚህ ቁጥር መስጠት አልችልም። ከሁሉ አስቀድሞ መስተካከል ያለበት የትንሹ ልጅ ነገር ነው። ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ሞት የማይመለሱበት መሆኑን መረዳት የሚጀምርበት ዕድሜ ላይ ነው፤ «ገጠር ሄዷል» የተባለ ውሻ ግን ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሌላ ውሻ ቢመጣ ልጁ የሚረዳው የቦቢን ቦታ ሌላ እንደያዘበትና ቦቢ ቢመለስ መግቢያ እንደሌለው ነው። ስለዚህ ተቀምጣችሁ በአጭርና በግልጽ ቃል፣ «ቦቢ አርጅቶ ታሞ ነበር፤ ሞቷል፤ የሞተ አይመለስም፤ ገጠር ሄደ ያልንህ እንዳታዝን ብለን ነው» በሉት። «ተኝቷል» ከማለትም ተቆጠቡ፤ እንዲህ የተባለ ልጅ ራሱ መተኛት ሊፈራ ይችላል። ስለ ወተቱ ደግሞ ሐኪሙ እንዲህ አለ ብለው ይንገሩት፦ ወተት ቡችላን ሆዱን ሊያላላው ይችላል፤ ደም አስቀምጦ በሁለት ቀን የሚገድል በሽታ ግን ከወተት አይመጣም። ቡችላውን የገደለው በዓይን የማይታይ በሽታ ነው፤ ወተቱን ያጠጣው ልጅ ደግሞ ደግ ልጅ ነው። ይህን አንድ ጊዜ ነግሮ መተው አይበቃም፤ ልጆች ያሳዘናቸውን ነገር መልሰው መላልሰው ይጠይቃሉና ሁልጊዜ ያንኑ መልስ ይስጡት።

የሴት ልጅዎ «ሁለተኛ ውሻ አላይም» ማለት የጥላቻ ምልክት አይመስለኝም፤ በአጭር ጊዜ ሁለት ጊዜ የተጎዳች ልጅ ሦስተኛውን ስትሸሽ ነው። አትገሥጿት፤ አታባብሏትም፤ በድንገት ውሻ አምጥቶ ማስደነቅም ፈጽሞ አይገባም። እርሷን ከመጀመሪያው በሥራው ማሳተፍ ይሻላል፤ ለምሳሌ የክትባቱን ካርድ ማንበብና ቀኑን ማስላት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በሚገባ የምትችለው ነገር ነው። የሚመጣው ውሻ በቦቢ ስም አይጠራ፤ መልኩም የግድ ከቦቢ ጋር ይመሳሰል ተብሎ አይፈለግ። ስሙንና መልኩን የወረሰ ውሻ ጠባዩንም እንዲወርስ ይጠበቅበታል፤ ያ ሳይሆን ሲቀር ውሻውም ቤተሰቡም ይጎዳሉ። እንዲያውም ቤተሰቡ መዘጋጀቱን የምለየው በዚህ ነው፤ ስለሚመጣው ውሻ ስታወሩ «እንደ ቦቢ» የሚለው ቃል በየዓረፍተ ነገሩ መግባቱን ሲያቆም፣ ስለ ቦቢም ሳትሸሹ ማውራት ስትችሉ፣ ጊዜው ቀርቧል ማለት ነው። ይህ በአንዳንድ ቤት ሦስት ሳምንት፣ በሌላው ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ሁለቱም ጤናማ ነው።

ስለ ራስዎ የጻፉት ደግሞ ከሚያስቡት በላይ የተለመደ ነው። በአገራችን ውሻ በአብዛኛው ከቤት ውጭ የሚኖር፣ ወደ ቤት መግባቱም እንደ ነውር የሚታይ እንስሳ ስለሆነ፣ ለሰው የሚደረገው የለቅሶ ሥርዓት፣ ጎረቤቱ፣ ዕድሩ፣ ቡናው፣ ሠልስቱና አርባው ለእርሱ የለም፤ ሊኖርም አይጠበቅም። ሥርዓት የሌለው ሐዘን ግን ሐዘን መሆኑ አይቀርም። አሥር ዓመት ሙሉ በር ሲከፈት ጭራውን እየቆላ የተቀበለዎትን እንስሳ ማጣት የሚያስለቅስ ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ ጎልማሳ ወንዶች ፊታቸውን አዙረው ሲያለቅሱ አያለሁ። የማይስቅብዎ አንድ ሰው መርጠው ይንገሩ፤ ከባለቤትዎ ቢጀምሩ መልካም ነው፤ «ቶሎ ይምጣ» የሚል ሰው አንዳንድ ጊዜ የግቢውን ጸጥታ መቋቋም ያቃተው ሰው ነው። ክህደት ያሉትን በተመለከተ፣ ቡችላውን በሁለተኛው ሳምንት ማምጣትዎ ቦቢን የበደለ ነገር የለውም፤ ቡችላውንም የገደለው መቸኮልዎ ሳይሆን ያልተሟላ ክትባት ነው። ከነጭራሹ ውሻ ላለማሳደግ ብትወስኑም ማንም ሊወቅሳችሁ አይገባም፤ ለግቢ ጥበቃ ጠንካራ በርና መብራትም አለ።

የጊዜ ነገር ከተነሣ ስለ ጾምና በዓል ትንሽ ልጨምር፤ በሌላ አገር የተጻፈ ምክር ይህን አይነግርዎትም። ከቤተሰቡ ማዕድ የሚተርፈውን የሚበላ ውሻ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋና አጥንት ስለሚያጣ ይከሳል፤ በማደግ ላይ ያለ ውሻ ደግሞ ይቀጭጫል። ስለዚህ ከጥር በኋላ የሚመጣ ከሆነ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ደረቅ የውሻ ምግብ አስቀድመው ያስቡለት። በበዓል ዋዜማና ማግስትም አያምጡት፤ ግቢው በእንግዳ፣ በእርድና በጩኸት ይሞላል፤ እንግዳው ውሻም ይደነግጣል፤ ሰውም ጥሬ ሳንባና ጉበት ይወረውርለታል። የዕርድ ተረፈ ሥጋ በጥሬው ለውሻ ሲሰጥ የሰውን ጉበትና ሳንባ የሚያጠቃ የኮሶ ትል ዓይነት እንደሚያስተላልፍ ለልጆቹም ጭምር ያስረዷቸው።

የመረጡትን ውሻ ለመቀበል የሄዱ ዕለት በቀጥታ ወደ ግቢዎ አይውሰዱት፤ አስቀድመው ቀጠሮ ይዘው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱትና ትላትሉ፣ መዥገሩና የክትባት ካርዱ ይታይ። ያደገ ውሻ ከሆነ በገመድ ይያዝ፤ ክትባቱን በቅርቡ የጨረሰ ወጣት ውሻ ከሆነ ግን በካርቶን ወይም በእቅፍ ይያዙት እንጂ ተራዎን እየጠበቁ ሳሉ ከክሊኒኩ ወለል ላይ አያስቀምጡት፤ በዕለቱ ከእርስዎ በፊት የገባው ታማሚ የፓርቮ ቡችላ ሊሆን ይችላልና።